የአብዲቃድር ሰቢል

ቱሪያ በሬን ማንኳኳት ከጀመረች አምስት ዓመት አለፋት። ማንኳኳት ያልኩት ለይሉኝታ ነው እንጂ በሩን ትደበድበዋለች። ሁልጊዜ ማክሰኞ ነው፤ ፀሐይዋ ገና ሳትበረታ፣ እኔም ሻዬን ሳልጨርስ። በአንድ እጇ የእጅ ባትሪ፣ በሌላው እጀታው የረዘመ ነጭ ጭልፋ፣ ብብቷ ሥር መዝገብ። «ሰይፉ፣ በርሜሎችህን ክፈት» ትላለች። ሰላምታው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሙሉ ስሜ ሰይፈ ሚካኤል ነው። አባቴ የባቡር ሰው ስለነበር ያደግሁት እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ነው፤ ካገባሁ በኋላ ወደ መጋላ ተሻግሬ እዚያው ቀረሁ። ድሮ ሬዲዮ እጠግን ነበር፣ አሁን ሞባይል እጠግናለሁ። ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ቱሪያ በአሥራ አምስት ዓመት ታንሰኛለች፤ ግን ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙ አይሠራምና አንተ ነው የምትለኝ። በዚያ ቅር ብሎኝ አያውቅም። ቅር የሚለኝ በርሜሌን መፈተሿ ነበር። ሰው ግቢዬ ገብቶ ዕቃዬን ሲያገላብጥ አልወድም፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሷ ደግሞ ከሰፈሩ ሁሉ በላይ ታውቃለች።

የቧንቧ ውሃ ወደ እኛ የሚመጣው በተራ ነው። በአራት ቀን፣ በአምስት ቀን፣ ሲብስበት በሳምንት። ሲመጣ ታዲያ በቤቱ ያለው ነገር ሁሉ ይሞላል፤ በርሜሉ፣ ጀሪካኑ፣ ባልዲው፣ ትልቁ ድስት ሳይቀር። ድሮ የምናውቃት የወባ ቢምቢ ረግረግ የምትወድ የገጠር ፍጥረት ነበረች። አዲሷ ግን ከተሜ ናት። ንጹሕ ውሃ ትመርጣለች፤ ዝናብ አትጠብቅም፤ በርሜል ካገኘች ይበቃታል። በእኛ ሙቀት እንቁላሏ በሳምንት፣ ቢበዛ በአሥር ቀን ክንፍ ያወጣል። ቱሪያ ማክሰኞን የማትስተው ለዚህ ነው። አንድ ማክሰኞ ከዘለለች፣ በርሜል ውስጥ የነበረው ነገር አልጋችን ላይ ይመጣል።

ይህን ሁሉ ያስተማረችኝ እሷው ናት፤ እኔ ልማርላት ሳልፈልግ። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማረችም። ቀበሌው የውሃ ማጠራቀሚያ የሚፈትሹ ሴቶች ሲቀጥር ገባች፣ ሁለት ሳምንት ሠለጠነች፣ ከዚያ ወዲህ የሚያቆማት ጠፋ። በጭልፋው ትቀዳና ባትሪውን ታበራለች። «እየው፣ ውሃው ላይ ተጋድሞ የሚተኛው እጭ የወባው ነው፤ ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ የሚንጠለጠለው የሌላው በሽታ ነው» ትለኛለች። እኔ «ሁለቱንም መተዋወቅ አልፈልግም» እላለሁ። እሷ ሳትስቅ መዝገቧ ላይ ትጽፋለች። ንጹሕ የሆነ ቤት በሩ ላይ በጠመኔ ቀኑን ትጽፍለታለች፤ እጭ የተገኘበት ቤት የኤክስ ምልክት ይደረግበታል። አንድ ጊዜ ኤክስ ደርሶኝ ሳምንቱን ሙሉ ደንበኛ ሁሉ «ሰይፉ፣ ምን አርብተህ ነው?» ሲለኝ ከረመ። ከዚያ በኋላ በርሜሎቼን በነጠላ ጨርቅ ሸፍኜ፣ ከመኪና ጎማ ውስጠኛው ላስቲክ በተቆረጠ ማሰሪያ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩ። በእልህ ነው ያሰርኩት፤ ቢሆንም አስሬዋለሁ።

ባሏ አብዲቃድር የውሃ ቦቴ ሹፌር ነበር። ጥሩ ሰው ነበር፤ ውሃ ሲጠፋ ቦቴውን ከመንገድ አፍ አቁሞ፣ በጥሩንባ ሰፈሩን ቀስቅሶ፣ አሮጊቶቹን በቅድሚያ የሚያስቀዳ ሰው ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት በልብ ሕመም ሞተ። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ቱሪያን አንድ ነገር አስማላት። በራችን ላይ ሰቢል ሥሪልኝ፣ መንገደኛ ይጠጣበት፤ አንድ ቀንም እንዳይደርቅ አላት። ሰቢል ማለት ለአላህ ተብሎ ለአላፊ አግዳሚ የሚቀመጥ ውሃ ነው። በሟች ስም ከተሠራ፣ ሰው በጠጣ ቁጥር ምንዳው ለሟቹ ይደርሳል ይላሉ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ግን በዚህ መንገድ ላይ በሰኔ ሙቀት የተመላለሰ ሰው ነገሩ ለምን እንደሚገባኝ ያውቃል።

እሷም ሠራችው። ከግቢዋ ግንብ ጋር የተያያዘ የሲሚንቶ ገንዳ ነው፤ ቁመቱ እስከ ትከሻዬ ይደርሳል፤ ላዩ በቆርቆሮ የተከደነ፣ መንገዱ በኩል አንድ ቧንቧና በሰንሰለት የታሰሩ ሁለት ኩባያዎች ያሉት። ውሃ በመጣ ቁጥር ከቆርቆሮው ጥግ ባለችው ክፍተት የውሃ ጎማውን አስገብታ ትሞላዋለች። አንድ ጊዜ አሥራ አንድ ቀን ውሃ ጠፍቶ ነበር። ቱሪያ ፊቷን የምትታጠብበት ሳይኖራት፣ በአህያ ጀሪካን እያስጫነች ሰቢሉን ሞላችው። ስድስት ዓመት ሙሉ ያ ቧንቧ ተከፍቶ ውሃ አልሰጥም ያለበት ቀን አልነበረም። ጫኝ አውራጁ፣ ባጃጅ ነጂው፣ ጫት ሻጯ፣ የትምህርት ቤት ልጆች፣ እኔም ሳልቀር ጠጥተንለታል። ጠጪው ሁሉ «አላህ ይርሐመው» ብሎ ያልፋል። እሷ በር ላይ ቁጭ ብላ ያንን ስትሰማ ፊቷ ላይ የማየው እርጋታ ሌላ ጊዜ አይቼው አላውቅም።

ዘንድሮ፣ ዝናብ ዓይኑን ባላሳየበት ወር፣ በመንገዳችን ላይ ትኩሳት ገባ። መጀመሪያ ሳምቡሳ የምትሸጠው ዓሻ ተኛች። ቀጥሎ የዓሻ ሁለት ልጆች። ቀጥሎ ባጃጅ ነጂው ዐያንሌ። ጤና ጣቢያ ጣታቸውን ተወግተው ሲመረመሩ ሁሉም ወባ። ቱሪያ ማክሰኞን መጠበቁን ትታ በየቀኑ ትዞር ጀመር። የምትፈትሸው አርባ ሁለት ቤት ነው፤ አርባ ሁለቱን ሁለት ጊዜ ፈተሸች። የመስጊዱን የውዱእ ገንዳ አየች። ቆሞ የቀረውን የሕንፃ ጉድጓድ አየች። አሮጌ ጎማ ገለበጠች፤ የአበባ ማሰሮ ደፋች። ምንም የለም። እግሯ አብጦ በነጠላ ጫማ እየተጎተተች ስታልፍ አይቼ «አቦ ቱሪያ፣ ዛሬ እንኳ ዕረፊ» ብላት፣ «ከሚነድፈን ነገር ጋር አብረን እየኖርን ነው፤ እንዴት ነው የማርፈው?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ልጄን ላስተዋውቅ። ስምረት ትባላለች፤ አዳማ ነው ያገባችው። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ሰባት ወሯ ላይ ወደ እኔ መጣች። ሴት ልጅ የምትወልደው እናቷ ዘንድ ነው፤ ስምረት ግን እናት የላትም። ባለቤቴ አሰገደች ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። ይህን ስነግራት ቱሪያ ተቆጥታ፣ «እኔ ምንድን ነኝ ታዲያ?» አለችኝ። የአራስ ልብሱን፣ ገንፎውን፣ ሁሉን እሷ ነበረች የምታሰናዳው። እኔ ለአራስ ውሃ ያስፈልጋል ብዬ አንድ ተጨማሪ በርሜል ገዝቼ ከሱቄ ጀርባ፣ ከአሮጌ ቴሌቪዥኖች ኋላ ደበቅሁ። አምስተኛ በርሜል ካየች ደግሞ አምስት ጊዜ ትጨቀጭቀኛለች ብዬ ነው።

አንድ ቀን ስምረት በጠራራ ፀሐይ ብርድ ልብስ ስጠኝ አለችኝ። እጇን ስነካው ይፋጃል። ከሕመሙ ባገገመው በዐያንሌ ባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስኳት። ወባ ነበር። መድኃኒት ሰጧት፤ ሐኪሟ ግን ስለ ጽንሱ ስታወራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። እኔ ስድሳ ሦስት ዓመቴን ሙሉ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ቤት ስንመለስ ቱሪያ በሬ ላይ ቆማለች። ስምረትን አስተኛቻት፤ ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ አበሰች፤ ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥታ አራቱን በርሜሎች አንድ በአንድ ከፈተች። ምንም የለም። ዘወር ብላ አየችኝ።

«ሌላ አለህ።»

«የለኝም።»

«ሰይፉ፣ ልጅቷ ታማለች። ሌላ ውሃ አለህ?»

ከቴሌቪዥኖቹ ጀርባ ወሰድኳት። በርሜሉን ስታይ ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ዝም ብላ ላስቲኩን ፈታች፣ ጨርቁን ገለጠች፣ ሦስት ጊዜ በጭልፋው ቀዳች። ንጹሕ ነበር። «በደንብ አስረኸዋል» አለች። ይህን ስትል ግን ደስ አላላትም። ትኩሳቱ ከዚህ ይመጣል ብላ የጠረጠረችው የመጨረሻው ቦታ ተዘጋባት። እኔ ደግሞ ፍርሃቴ ቁጣ ሆኖ ወጣ። እውነት ለመናገር፣ በውሸቴ ስለተያዝኩም ነው።

«የሰውን ጓዳ ስታምሺ የራስሽን አይተሻል?» አልኳት።

«የኔ ሁለት ጀሪካን ነው፤ በየቀኑ እደፋዋለሁ።»

«ሰቢሉስ?»

ይህን ያልኩት አስቤው አይደለም። ለማሳመም ነው ያልኩት። እሷም ወዲያው፣ «ሰቢል ቀኑን ሙሉ ይቀዳል፤ የሚቀዳ ውሃ አይረጋም» አለችኝ። ሁለታችንም አንድ ነገር ትዝ አለን። ከሁለት ሳምንት በፊት ዐያንሌ ሰቢሉ ላይ ሲጠጣ፣ በኩባያው ውስጥ የምትወራጭ ነገር አየሁ ብሎ ነበር። ቱሪያ «ዋርያ፣ ኩባያውን ሳታለቀልቅ ቀድተህ ነው» ብላ አባረረችው። እኔም ቆሜ ስቄበታለሁ።

ባትሪዋን ይዛ ወጣች፤ ተከተልኳት። ገንዳው ጋ ወንበር አስጠግታ ወጣችና ቆርቆሮውን ገፋች። ከተሠራ ጀምሮ ያ ክዳን ሲነሣ አይቼ አላውቅም። ጎማው በክፍተቱ ይገባል፣ ውሃው በታች ይወጣል፤ ማን ይከፍተዋል? ደግሞስ የሟች ሰደቃ ማን ይፈትሻል? አርባ ሁለት ቤት በመዝገቧ አለ፤ ሰቢሉ ግን በመዝገቡ የለም። እሷ ወደ ውስጥ አጎንብሳ ባትሪውን አበራች። ረጅም ጊዜ ቆየች። ከዚያ ጭልፋውን ሰድዳ ቀዳችና ወደ እኔ ዝቅ አደረገችው።

መቁጠር አያስፈልግም ነበር። ውሃው ላይ ተጋድመው ይተኛሉ፤ ያስተማረችኝ ዓይነት።

ነገሩ ገባኝ። ውሃው ይቀዳል፤ ግን ከታች ነው የሚቀዳው፤ ላዩ ዝቅ ይላል እንጂ አያልቅም። ሊያልቅ ሲል እሷ ትሞላዋለች። አንድ ቀን ቢደርቅ ኖሮ እጮቹ ሁሉ ያልቁ ነበር። እንዳይደርቅ ብላ ስለማለች ነው የኖሩት። ከወንበሩ ወረደች። «ስድስት ዓመት» አለች። «ስድስት ዓመት አልደረቀም ብዬ ስኮራ።»

አዘንኩላት፤ በጣም አዘንኩላት። ስለዚህ መጥፎ ምክር መከርኳት። ማንም አላየም፤ ቀስ ብለሽ ወደ ግቢሽ አፍስሺው፣ እጠቢው፣ ሙዪው፤ ሰው ማወቅ የለበትም አልኳት።

እንባዋን በሻርፗ ጫፍ ጠረገችና አየችኝ። «ዓሻ ከነልጆቿ የተኛችው በዚህ ነው። ስምረት የተኛችው በዚህ ነው። እኔ የራሴን ከደበቅሁ፣ ማክሰኞ ምን ዓይን ኖሮኝ ነው በርሜልህን ክፈት የምልህ?»

መዝገቧን ከፈተች። ከአርባ ሁለቱ ቤት በታች አርባ ሦስት ብላ ጻፈች፤ ከጎኑ «ሰቢል፣ ባለቤት ቱሪያ፣ እጭ ተገኘ»። ከዚያ ጠመኔዋን አውጥታ የገዛ ግንቧ ላይ፣ የአብዲቃድር ስም ከተጻፈበት ሥር፣ ኤክስ አደረገች።

ሰው ተሰበሰበ። እሷም ሳትንተባተብ ተናገረች፤ ያሳመምኳችሁ እኔ ነኝ፤ ሳላውቅ ነው፤ አፉ በሉኝ፤ ዛሬ ይደፋል አለች። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። አንድ ሽማግሌ «ሰደቃ ይደፋል እንዴ?» ብለው አጉረመረሙ። ገና ከሕመሟ ያላገገመችው ዓሻ በር ተደግፋ ሰማቻትና ምንም ሳትል ወደ ቤቷ ገባች። ያ ዝምታ ቱሪያን ከስድብ በላይ እንደወጋት አየሁ።

ከሁሉ የከፋችው ግን ሉብና ነበረች። ሉብና የቱሪያ አንድ ልጅ ናት፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ከሥራ ስትመለስ እናቷ ባልዲ ይዛ ገንዳው ላይ ወጥታለች። ልጅቷ የባልዲውን እጀታ ያዘች።

«እማ፣ ቃል ገብተሽለታል። እኔ እዚያው አልጋው ጋ ነበርኩ።»

«ገብቻለሁ።»

«ኬሚካል ይጨመርበት። ወንፊት እናድርግበት። ለምን ይደፋል? አባዬን እኮ ነው የምትደፊው።»

«ኬሚካል እስኪመጣ እነዚህ ክንፍ ያወጣሉ። ነገ የሚበሩ አሉ ወላሂ፣ አይቻቸዋለሁ።» ቱሪያ ባልዲውን ቀስ አድርጋ ከልጇ እጅ አስለቀቀች። «አባትሽ ሰው ያጠጣ ነበር እንጂ አያሳምምም ነበር። ልቀቂ ልጄ።»

ሉብና እያለቀሰች ገባች። እኛ ደፋነው። እኔ፣ ቱሪያና ዐያንሌ፤ ዐያንሌ ለተባረረባት ኩባያ ቂም ሳይይዝ። የተቀዳውን በባጃጁ እያመላለሰ የደረቀው ወንዝ አሸዋ ላይ ደፋው፤ አሸዋው ወዲያው ጠጣው። ውሃ በተራ በሚመጣበት ከተማ ያን ያህል ውሃ አሸዋ ላይ መድፋት ያማል። አንዲት ሴት ባዶ ጀሪካን ይዛ ቆማ ስታየን ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ሲያልቅ ቱሪያ ቀሚሷን ሰብስባ ገንዳው ውስጥ ወረደች፤ ግድግዳውን በብሩሽ ስትፈትግ ድምፁ ከውስጥ ይሰማ ነበር። ወለሉ እስኪነጣ ሦስት ቀን ፀሐይ ይምታው አለች። በስድስት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቧንቧው ቢከፈት ውሃ የማይሰጥ ሆነ።

በማግሥቱ ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስወጣ ቱሪያ ባዶው ሰቢል ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ከጎኗ ክዳኑ የተዘጋ ጀሪካን፣ በእጇ ኩባያ። አንድ ጫኝ አውራጅ ሊጠጣ መጥቶ ቧንቧውን ሊከፍት ሲል፣ «እዚህ ነው» አለችው። ቀዳችለት። ጠጣና «አላህ ይርሐመው» አለ። «አሚን» አለች፤ ኩባያውን አለቀለቀችና ለሚቀጥለው አዘጋጀች።

እንደዚያ ዋለች። ፀሐይዋ መሐል አናት ላይ ስትደርስ ሰው ሁሉ ጥላ ሥር ይገባል፤ እሷ ሻርፗን ወደ ፊት ሳብ አድርጋ እዚያው ናት። «ሰቢሉ ደርቆ የለም ወይ፣ ግቢ» ብላት፣ «ገንዳው ነው የደረቀው፤ ቃሌ አልደረቀም» አለችኝ። ጀሪካኗ ከቀትር በኋላ አለቀ። ሁለተኛውም አለቀ። ያን ቀን የቧንቧ ውሃ ተራችን አልነበረም።

ያኔ ወደ ሱቄ ጀርባ ሄድኩ። ለአራሷ የደበቅሁትን በርሜል እየገፋሁ ወደ መንገዱ አመጣሁት። ስምረት ትኩሳቷ በረድ ብሎላት በመስኮት ታየኝ ነበር፤ «አባዬ፣ ቀስ በል ወገብህን» ነው ያለችኝ። ቱሪያ በርሜሉንም እኔንም አየችና ላስቲኩን ልትፈታ ጎንበስ አለች።

«መጀመሪያ ባትሪ» አልኳት።

ሳቀች። በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ባትሪዋን አወጣች፣ ፈተሸች፣ ከዚያ ቀዳች።

በሁለተኛው ቀን ሉብና አንድ ጀሪካን ይዛ ከግቢ ወጣች። ከእናቷ ጋር አልተነጋገሩም፤ ሌላ በርጩማ አምጥታ ተቀመጠችና ኩባያ ማለቅለቁን ተረከበች። በሦስተኛው ቀን ወደ ማምሻው ዓሻ መጣች። ልጆቿን በግራና በቀኝ ይዛ ፊት ለፊቷ ቆመች። እኔ ከሱቄ ሆኜ አያለሁ። ዓሻ እጇን ዘረጋች፤ ቱሪያ ቀዳችላት። ዓሻ ለልጆቿ አስቀድማ አጠጣች፤ የቀረውን ራሷ ጠጣች። «አላህ ይርሐመው» አለች። ቱሪያ ሻርፗን ፊቷ ላይ ሳበች።

ገንዳው ደርቆ እንደገና ተሞላ። ክፍተቱ በጥቅጥቅ ወንፊት ተደፈነ፤ ክዳኑ ማጠፊያ ተሠራለት። ከዚያ ወዲህ ሰቢሉ ሰኞ ሰኞ ይደርቃል። ቱሪያ ውሃውን አስጠጥታ ትጨርሰዋለች፣ ትፈትገዋለች፣ ለፀሐይ ትሰጠዋለች፤ እስኪሞላ ድረስ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ በእጇ ታጠጣለች። በመንገዳችን ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር አዲስ ታማሚ አልተመዘገበም። ስምረት በቀኗ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ሦስት ኪሎ ተኩል። ገንፎውን ያገነፋችው ቱሪያ ናት፤ ቅቤ አብዝታበታለች፣ ይህንንም ነግሬያታለሁ።

ማክሰኞ አሁንም በሬን ትደበድባለች። የተለወጠ ነገር ቢኖር መጀመሪያ የምንሄደው ወደ እሷ ግንብ መሆኑ ነው። ገንዳው እንደገና ከተሞላ በኋላ በመጀመሪያው ማክሰኞ ባትሪውንና ጭልፋውን በእጄ አስቀመጠችልኝ።

«አንተ እየው» አለች።

«ዓይንሽ ከእኔ ዓይን ይሻላል።»

«የሰውን ሲያይ ይሻላል።» መዝገቡን ከፍታ ቁጥር አርባ ሦስት ላይ እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀች። «ውጣ፣ ሰይፉ። ወንበሩን እይዝልሃለሁ።»

ወጣሁ። ክዳኑን አነሣሁ፣ አበራሁ፣ ቀዳሁ። ወለሉ ድረስ ይታይ ነበር።

«ምን አለ?»

«ውሃ ብቻ።»

እስክሪብቶዋን አላንቀሳቀሰችም። መንገዱ ላይ አንድ ጫኝ አውራጅ ኩባያውን ይዞ እስክንጨርስ ይጠብቃል።

«ድገመው» አለች።

ጭልፋውን እንደገና ሰደድኩ።